ሻካራው ቃል

«ኢግዛስፐሬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ትዕግሥትን አሟጦ የሚጨርስ ንዴትን ይገልጻል። ተራ ቁጣ አይደለም። ልጅ «ጫማህን አድርግ» ሲባል አንዴ ዝም ቢል እናቱ ትቆጣው ይሆናል። በአምስተኛው፣ የትምህርት ቤቱ መኪና ደጅ ላይ ጥሩምባ እየነፋ፣ ልጁ በአንድ እግር ካልሲ ሲጫወት ስታገኘው የምታወጣው ረጅም ትንፋሽ ግን የዚህ ቃል ነው። ንዴቱ በመደጋገም የሚጠራቀም ስለሆነ ቃሉ ከጠላት ይልቅ ለቅርብ ሰው ይስማማል።

ግሱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከላቲን የተወሰደ ነው። «አስፐር» ሻካራ፣ «ኤክሳስፐራሬ» ማሻከር ማለት ነው። ሮማውያን ገና በእጅ ብዛት ያልለሰለሰውን አዲስ ሳንቲም «አስፐር» ይሉት ነበር፤ አዲስ ብር ያብለጨልጫልና ቃሉ ግሪክኛ ውስጥ ገብቶ «አስፕሮስ»፣ ማለትም ነጭ፣ እስከ መሆን ደርሷል። የዱሮው ትርጉም ሳይለወጥ የተረፈው በዕፀዋት ስም ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችም የሚገኘው የሾላና የዋርካ ዘመድ፣ ፊከስ ኤክሳስፐራታ፣ ስሙን ያገኘው ከቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እንጨት ያለሰልሳል።

ሻካራነት ከቆዳ ወደ ስሜት መሻገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች «ሻካራ ቀን» የመሰለ አነጋገር ሲሰሙ ዳሰሳን የሚለየው የአንጎል ክፍል ሲነቃ ታይቷል፤ «መጥፎ ቀን» ሲባል ግን እንደዚያ አልሆነም። «ኢግዛስፐሬት» ይህን ያህል ኃይል የቀረው አይመስልም፤ የዛሬ ተናጋሪ በውስጡ «አስፐር»ን አይሰማም።

እንግሊዞች ራሳቸው ከ«ኢግዛሰርቤት» ጋር ያምታቱታል። የዚህኛው ሥር «አሰርቡስ»፣ እንዳልበሰለ ፍሬ ጎምዛዛ ማለት ነው። ቀድሞ ሁለቱም ሕመምን ማባባስን ይገልጹ ነበር፤ ዛሬ ችግር «ኢግዛሰርቤት» ይደረጋል፣ ሰው ደግሞ «ኢግዛስፐሬት»።

አማርኛም ሻካራነትን ለስሜት ያውለዋል፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። «ሆዱ ሻከረ» የተባለ ሰው ተቀይሟል ወይም መጠራጠር ጀምሯል፤ ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል። ትዕግሥቱ ያለቀውን ሰው አማርኛ የሚያገኘው በምላስ ነው፦ «ምርር አለው»። ተርጓሚ የላቲኑን ሥር ተከትሎ እናቲቱን «ሆዷ ሻከረ» ቢላት ከልጇ ጋር ያቀያይማታል፤ እሷ ግን ካልሲው አንገፍግፏት ነው።