አዲስ ሰፈር ገብተው ኢንተርኔት ሊያስገቡ ነው? መጀመሪያ ጎረቤት ይጠይቁ



«ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን» የሚል የታወቀ የዓረብኛ አባባል አለ። አስተማሪ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም ቤት ስከራይ ይህን ዘንግቼው ነበር። ግድግዳው ላይ የስልክ ገመድ ስላየሁ ኢንተርኔት ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ መሰለኝ። ለካ መስመሩ በቀድሞው ተከራይ ስም የተመዘገበ፣ ያልተከፈለ ዕዳም ያለበት ነበር። ይህን የነገሩኝ ከሱብሒ ሰላት ስንመለስ የተዋወቅኳቸው ጎረቤቴ ናቸው። ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ ስንት ምልልስ በቀረልኝ!

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በስልክ ዳታ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያስከትል ብዙዎቻችን አይተናል። ስለዚህ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ አዲስ ቤት የገባ ሰው የሚከተሉትን ቢያጣራ መልካም ነው።

መስመሩ የማን ነው? ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መስመሩ በማን ስም እንደሆነና ዕዳ እንዳለበት አከራዩን ይጠይቁ። የራስዎ መስመር ካለዎት የአድራሻ ዝውውር ይጠይቁ።

ምን ዓይነት ነው? የመዳብ ገመድ ከቴሌ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፋይበር በብርሃን ስለሚሠራ በዚህ ርቀት አይደክምም፤ ሲታጠፍ ግን በቀላሉ ይሰበራል። በሰፈሩ የትኛው እንደደረሰ፣ ማታ ማታና በዝናብ ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ ጎረቤት ያውቃል።

ፍጥነቱ ስንት ነው? ውሉ ላይ የሚጻፈው ሜጋቢት ነው፤ የፋይል መጠን ግን በሜጋባይት ይለካል። 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው። በ4 ሜጋቢት መስመር 100 ሜጋባይት የሆነ ደርስ ለማውረድ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

ራውተሩ የት ይቀመጥ? ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ዋይፋይን ያዳክማል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከቁም ሳጥን ጀርባ ሳይሆን ከፍ ባለ ቦታ፣ በቤቱ መሐል ያስቀምጡት።

ገመድ በማይደርስበት ገጠር ሲም የሚገባበት ራውተር አማራጭ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን ሲሙን በስልክዎ ላይ አድርገው እዚያው ቤት ውስጥ፣ በተለይ ማታ፣ ይሞክሩት።

በመጨረሻም የይለፍ ቃሉን ነገር እናንሳ። ሳያስፈቅዱ በሰው ዋይፋይ መጠቀም የሰው ሐቅ መንካት ነው፤ ወጪው የሚቆጥረው በባለቤቱ ላይ ነውና። እርስዎም ለጎረቤት ማካፈል ከፈለጉ ውሉ መፍቀዱን ያረጋግጡ፤ ራውተሩ ካለው ደግሞ ለእንግዳ የተለየ የይለፍ ቃል ያውጡለት። የእኔ ጎረቤት ልጃቸው ፈተና ሲደርስ መጥታ እኛ ቤት ታጠና ነበር። ያን ቀን ስለ ዕዳው ባይነግሩኝ ኖሮ ለእሷም የሚተርፍ መስመር ባልኖረኝ።

ወላሁ አዕለም።