ትራምፔት ለምትወዱ ወጣቶች፦ ከንፈራችሁን አደራ!

በእኛ አገር ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ከቤቱ ብቅ ይላል። ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሌባ ገብቷል፣ ወይ ደግሞ ስብሰባ ተጠርቷል። ስማዳም ሂዱ፣ እስቴም ሂዱ፣ ጋይንትም ሂዱ ነገሩ ያው ነው። አዲስ አበባስ ቢሆን? ጎህ ሳይቀድ የዕድር ጡሩንባ ሲያንባርቅ «የማን ቤት ይሆን?» የማይል ማን አለ? ታዲያ የዚህ አገር ልጅ ተነስቶ «ጡሩንባ ነፊ ልሆን ነው» ሲል እናቱ በድንጋጤ ብታማትብ ይፈረድባታል?

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። ትራምፔት ስነፋ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከስማዳ፣ ከእስቴና ከጋይንት የመጣን አራት ነፊዎች አለን። ሰኞ ሰኞ ሥራ ስለሌለን ቡና ይዘን እንቀመጣለን። ወሬያችን ስለ ከንፈር፣ ስለ ቫልቭና ስለ ቤተሰብ ነው። ባለፈው የሠርግ ወራት ግን ወሬው ከጨዋታ አለፈ፤ አንዱ ወንድማችን እንጀራው ከአፉ ላይ ሊነጠቅ ደረሰ። «እንነፋለን» ለምትሉ ወጣቶች ይጠቅማል ብዬ የሆነውን ከነምክሩ አቀርብላችኋለሁ።

ትንፋሹ ብቻ ወጣ

ልጁ የእስቴ ነው። ዕድሜው ሃያ አራት። ሠርግ ላይ ከሚጫወት ባንድ ጋር ይሠራል፤ ከሚያገኘው ላይ ቀንሶ ታናሽ እህቱን ያስተምራል። ጥር ሲገባ ቅዳሜና እሑድ ያለ ዕረፍት መንፋት ሆነ። ከንፈሩ ሲደክም ትራምፔቱን በክንዱ ኃይል አፉ ላይ ይጫነዋል። ሲጫነው ከፍተኛው ድምፅ ለጊዜው ይወጣል፤ ሰውም ያጨበጭባል። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ከንፈሩ አብጦ እንጀራ መጉረስ ያቅተዋል። ለማንም አልተናገረም። «ወንድ ልጅ ለከንፈሩ ያለቅሳል?» ይል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ነፋ፤ ድምፅ የለም! ትንፋሽ ብቻ «ፍስስ» አለ። ደገመው፤ ያው ነው። የባንዱ ኃላፊ በጆሮው፣ «አንድ ወር እሰጥሃለሁ። ካልሆነ ኪቦርዱ ይበቃናል» አለው።

ይህቺ የኪቦርድ ነገር ለእኛ ቀልድ አይደለችም። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ገናና በነበሩበት ዘመን ያለ ትራምፔትና ሳክስፎን ባንድ አይታሰብም ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሥራ ገደለው፤ ከዚያ ኪቦርድ መጣና የአራት ነፊን ቦታ አንድ ሰው በጣቱ ያዘው። ከቦታችሁ አንድ ጊዜ ከተነሳችሁ መመለሱ ከባድ ነው።

ልጁን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ትራምፔቱን እንዳይነካ አዘዘው። ቀጥሎ ከፖሊስ ባንድ በጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ቤት ሄድን። እሳቸው ከንፈሩ ላይ የቀረውን የማውዝፒስ ቀለበት አዩና፣ «ልጄ፣ አንተ ትራምፔት አልነፋህም፤ ትራምፔቱ አንተን ሲያኝክህ ነው የከረመው» አሉት። ዕረፍቱ ሲያልቅ እንዲህ አስጀመሩት፦ ትራምፔቱን በጣት ሳይጨብጥ መዳፉ ላይ አስተኝቶ ቀስ አድርጎ መንፋት። በመዳፍ ላይ የተኛ ዕቃ ወደ ከንፈር ሊገፋ አይችልም። ድምፅ የሚወጣው ትንፋሹና ከንፈሩ ሥራቸውን ሲሠሩ ብቻ ነው። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር...

በዚያ ሁሉ ቀን ቦታውን የሸፈነችለት የላይ ጋይንቷ እህታችን ናት። ከተከፈላት ላይ ግማሹን እየቆጠረች ሰጠችው። የእህቱ ትምህርት አልተቋረጠም፤ ቦታውም አልተወሰደም። ዛሬ እየነፋ ነው፤ ግን እንደ ድሮው አይጮህም። ጋሼ ግን «አሁን ነው ያማረብህ» ብለውታል።

ትልልቆቹም ቀምሰውታል

ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ አይደለም። ሉዊስ አርምስትሮንግን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከንፈሩ ተጎድቶ ለወራት ከመድረክ ርቆ ነበር። በከንፈር ዙሪያ ያለው ጡንቻ ሲቀደድ የሚመጣውን ችግር ሐኪሞች በቅጽል ስሙ «ሳችሞ ሲንድረም» ብለውታል። ዲዚ ጊሌስፒስ? ጉንጩን እንደ ኳስ ነፍቶ የሚታየውን ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። እሱን ያያችሁ ጀማሪዎች ጉንጫችሁን አትንፉ! አየሩ ጉንጭ ውስጥ ሲከማች የከንፈር ጥግ ይላላል። ዲዚ የተዋጣለት በጉንጩ ሳይሆን ጉንጩ እንዲያ ሆኖም ጭምር ነው።

አራታችን የተስማማንባቸው

1. የነፋችሁትን ያህል እረፉ። አሥር ደቂቃ ከነፋችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት። በቀን አንዴ ሁለት ሰዓት ከመጋለብ ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይበልጣል።

2. ቀኑን በረጅምና በዝቅተኛ ድምፅ ጀምሩ። ጠዋት ተነስቶ ከፍተኛውን ድምፅ መሞከር ሳያሟሙቁ እንደ መሮጥ ነው።

3. ትንፋሹ ከሆድ ይሳብ። ትከሻችሁ ከፍ ካለ ትንፋሹ ደረት ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በእረኝነት ዘመኑ ዋሽንት የነፋ ሰው ትንፋሹ ይረዳዋል፤ ከንፈሩን ግን እንደ አዲስ ያስተምራል። በዋሽንት አየሩ ጠርዝ ላይ ያልፋል፤ በትራምፔት የሚርገበገበው የራሳችሁ ከንፈር ነው።

4. ከንፈር ሲደርቅ በምላስ አታርሱት፤ ይብስበታል። ማታ ስትተኙ ቫዝሊን ወይም ቅቤ ቀቡት። ከመጫወት በፊት ግን ጥረጉት፤ ያለዚያ ማውዝፒሱ ያንሸራትታል።

5. እብጠቱ ወይም መደንዘዙ አድሮ ካልተሻለ ሐኪም ጋ! «ያልፋል» አትበሉ።

ሲያብረቀርቅ አትሸወዱ

አሮጌ ትራምፔት ተወልውሎ ወርቅ መስሎ ይቀርብላችኋል። እናንተ ሦስቱን ቫልቮች ተጫኑ። ወርደው ወዲያው ካልተመለሱ ወይም ከተጎተቱ ተጠንቀቁ። ከዚያ የመካከለኛውን ቫልቭ አጭር ቱቦ፣ ቫልቩን ሳትጫኑ፣ ፈጠን አድርጋችሁ ሳቡት። «ጷ!» ካለ አየር አያሳልፍም፤ ዝም ካለ ቫልቩ ተበልቷል። ቱቦው ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ካያችሁ ናሱ ከውስጥ እየተበላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ቀለም አያድነውም። አፉ ላይ ትንሽ መሰርጎድ ግን ብዙ አይጎዳም፤ የቫልቩ ቤት ከተመታ ነው ጉዱ። ለጀማሪ መካከለኛ ማውዝፒስ፣ ለምሳሌ ባክ 7ሲ፣ ይበቃል።

ከገዛችሁ በኋላ ቫልቩን በቫልቭ ዘይት ብቻ አለስልሱ። የላይ ጋይንቷ ልጅ ጀማሪ ሳለች አንድ ብልጥ ነኝ ባይ የምግብ ዘይት አድርጎላት ቫልቮቿ እንደ ሙጫ ተጣብቀው ነበር! በወር አንዴ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፤ የፈላ ውኃ ቅቡን ይልጠዋል። ቫልቮቹ ቁጥር አላቸው፤ 1ን በ3 ቤት ካስገባችሁ አየር አያልፍም። ማውዝፒስ ሲጣበቅ በፒንሳ አትታገሉት፤ ማውጫው ያለው ባለሙያ ፈልጉ።

ደጋና ቆላ አንድ አይደሉም

ነፋስ መውጫ ከነስሟ ብርድ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የለመደው ካልሆነ በቀር አየሩ ስስ ነው፤ ከከተማ የሄደ ነፊ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል። ረጃጅሞቹን ሐረጎች ቆራርጡ፤ አታፍሩ። ሌላው ደግሞ ቅኝቱ ነው፦ ትራምፔት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል። ጠዋት ነፋስ መውጫ ላይ ያስተካከላችሁት ቀትር ላይ በሽሎ ቆላ ስትወርዱ አይገጥምም። ከመቃኘታችሁ በፊት ድምፅ ሳታወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ቱቦው ውስጥ ላኩበት።

ጀማሪን የሚያሳፍር ሌላም ነገር አለ። የተለመደው ትራምፔት «ቢ ፍላት» ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ «ከሲ» ሲላችሁ እናንተ የምትይዙት «ዲ»ን ነው። ይህን ሳያውቅ መድረክ የወጣ ሰው ዘፋኙን ጉድ ያደርጋል። ትዝታና ባቲ በጣት ይለመዳሉ፤ አንቺሆዬ ግን ጆሮ ይጠይቃል። ድምፁን በከንፈር ጠምዘዝ ማድረግ የምትማሩት ማሲንቆ በማዳመጥ ነው። የእኛን አገር አዝማሪ ያህል አስተማሪ የት ይገኛል?

«ማን ሞተ?»

የላይ ጋይንቷ ልጅ አባት በስልክ ልምምዷን ሲሰሙ እስከ ዛሬ «ማን ሞተ?» ይላሉ። እሷም «ማንም አልሞተም አባዬ፣ ሠርግ ነው» ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይጠይቃሉ።

ቤተሰብ ሲቆጣ አትጣሉ፤ አስረዱ። መለከትና እምቢልታ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ፊት የክብር ዕቃ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ መጥተው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የናስ ባንድ የሆኑት በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደርሷል። ቤት የሌላቸው ልጆች በትንፋሻቸው አገር ያቆሙበት ዕቃ እንዴት የመርዶ ብቻ ይባላል?

ለጎረቤት ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ሰዓት ቁረጡ፣ ማፈኛ ግዙ። ንጋት ላይ አትንፉ፤ ያ ሰዓት የዕድሩ ነው። ግቢው ውስጥ ሐዘን ካለ ትራምፔቱ ከቦርሳው አይውጣ። ይህን ያከበረ ነፊ ሌላ ቀን ቢያንባርቅ ማንም አይቆጣውም።

የመጨረሻው ቃሌ ለዛሬ ማታ ሥራ ላለባችሁ ነው። ከንፈራችሁ «በቃኝ» ካለ ለባንዱ ኃላፊ ንገሩ፤ አንዱን ዘፈን ዝለሉ። ጓደኛችሁ ሲያመውም ቦታውን ሸፍኑለት እንጂ አትውሰዱበት። ትራምፔት ቢሰበር ይበየዳል። ለከንፈር ግን መለዋወጫ አልመጣም።