«ተቃጠለ» የሚለው ግሥ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ጽሑፍ

አምፖል ተቃጠለ ስንል በውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ የኤሌክትሪኩ መንገድ ተቋርጧል ማለታችን ነው። የፓወር ሰፕላይ ጠጋኝ ግን ዲዮድ ወይም ትራንዚስተር ተቃጠለ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው፤ ይኸውም ከመጠን በላይ የጋለው ሲሊከን ሊያግደው የሚገባውን ፍሰት በሁለቱም አቅጣጫ መልቀቁን ነው። አንድ ግሥ ሁለት ተጻራሪ ሁኔታዎችን መሸከሙ በዕለት ንግግር ብዙ አይጎዳም፤ በተተረጐመ የጥገና መመሪያ ውስጥ ግን ሠራተኛውን ያሳስታል።

ልዩነቱን መለኪያው ይመሰክራል። ምርመራው የሚጀመረው መሣሪያው ከመስመር ተነቅሎ ካፓሲተሩ ያጠራቀመው ኃይል ከተራገፈ በኋላ ነው። የ220 ቮልት መስመር ወደ ቀጥታ ፍሰት ሲለወጥ 310 ቮልት ገደማ ስለሚደርስ፣ ተርጓሚ ይህን ማስጠንቀቂያ ከቶ ሊዘለው አይገባም። ደኅና የሲሊከን ዲዮድ በመልቲሜትር ሲፈተሽ በአንደኛው አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያሳያል፤ በሌላው አያሳልፍም። ሾርት የሆነው በሁለቱም በኩል ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የተቋረጠው በሁለቱም በኩል አያሳልፍም። ጎረቤት ክፍሎች ንባቡን ስለሚያዛቡ፣ ሲያጠራጥር አንድ እግሩን ነቅሎ መለካት ይገባል። ባልቦላው ጠቁሮ ከተገኘ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሾርት ነው። «ተቃጥሏል» የሚለውን ብቻ አንብቦ እንደ አምፖሉ ተበጥሷል ብሎ የተረዳ ጀማሪ፣ አዲስ ባልቦላ ተክቶ ኃይል ቢለቅ ያም ወዲያው ይበጠሳል።

እንግዲህ ምን ይባል? እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተከትሎ የተቋረጠውን «ክፍት» ማለት አይበጅም። አማርኛ ተናጋሪ «ሬዲዮውን ክፈት» ሲል ኤሌክትሪክ ይለፍ ማለቱ ነውና፣ «ክፍት ዲዮድ» የሚያሳልፍ ዲዮድ ይመስለዋል። «አጭር ዑደት» የሚለውም ነገሩን ወደ ርዝመት ይወስደዋል፤ ቁም ነገሩ ግን የመንገዱ ተቃውሞ ማነሱ ነው። «አቋራጭ» ደግሞ ከ«ተቋረጠ» ጋር ሥሩ አንድ በመሆኑ ሁለቱን ተጻራሪዎች መልሶ ያደባልቃቸዋል። ሕዝቡ የሚናገረው «ኮንታክት» እንዳይመረጥ፣ የማብሪያ ማጥፊያን መገናኛም ይጠሩበታል። ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሠራተኛው «ሾርት» እንዳለ ቢወሰድ፣ ለሁለተኛው «የተቋረጠ» ቢባል ይሻላል።

ሦስተኛም ዓይነት ብልሽት አለ፦ በማገጃው አቅጣጫ ጥቂት የሚያሳልፍ፣ ሲግል የሚብስበት፣ በቀዝቃዛው ሲለካ ደኅና መስሎ የሚያታልል። ለዚህ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ጣሪያ እንደሚያፈስ ሁሉ ዲዮዱም «ያፈሳል»። «ተቃጠለ» የሚለው ጠቁሮ ለታየ ወይም ጢሱ ለሸተተ ዕቃ ብቻ ይቀመጥ።