ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ስለ ደጋው ገበሬ

ክቡራን ገዢዎችና የወረዳ ሹማምት ሆይ፤

የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ከገበሬው ደጅ ሲቆም፣ ገበሬው ከዕለት እንጀራው ቈርሶ ይሰጠዋል። ተማሪውም ቅኔውንና ዜማውን ፈጽሞ መሪጌታ በሆነ ጊዜ የዚያኑ ገበሬ ልጅ ያስተምራል። የዛሬውም የዩኒቨርሲቲ መምህር በሕዝብ ግብር የተማረ ስለ ሆነ፣ ዕዳው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሕጉም ይህን ያዝዛል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ አድርጎታል። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም የተተከለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ገበሬ የቅርብ ጎረቤት ሆኗል። እንግዲህ የቀረው ጉርብትናውን ወደ ጥቅም መለወጥ ነው።

ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ። የአለማያ እርሻ ኮሌጅም ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬን ማማከርን አንድ ላይ አጣምሮ የተመሠረተ ነበር።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን በዚያው በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ብዙ በማይርቀው በማይባር ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የእርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር ያለው የበርን ዩኒቨርሲቲ ተባብረው በዚያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አቆሙ። ዝናቡ ምን ያህል እንደ ዘነበ፣ ጎርፉ ምን ያህል አፈር ይዞ እንደ ወረደ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየተለካ ተጻፈ። ከዚህና ከሌሎች ጣቢያዎች በተገኘው ልክ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ አንድ ሄክታር መሬት በየዓመቱ በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ተገመተ። ይህም 420 ኩንታል ማለት ነው። ገበሬው ከዚያው ማሳ የሚያገባው እህል ከዚህ ምን ያህል እንደሚያንስ እያንዳንዱ ሹም ያውቀዋል።

ይህ ዕውቀት የተገኘው በአንድ ቀን ጉብኝት አይደለም፤ በአንድ ስፍራ ለዓመታት ተቀምጦ በመቁጠር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ መምህሩም ገበሬውን ከመምከሩ በፊት መሬቱን መማር ይገባዋል።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። መምህራን መጥተው ይጠይቃሉ፤ አፈሩን በከረጢት ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ወሬያቸው አይሰማም። የመምህሩ ማዕረግ አብዝቶ የሚመዘነው በታተመ ጽሑፍ ስለ ሆነ፣ ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ታትሞ ይወጣል፤ የማሳው ባለቤት ግን የገዛ አፈሩን ነገር ሳያውቅ ይቀራል። እንዲህ የተደረገበት ገበሬ ለሚቀጥለው ጠያቂ እውነቱን አይነግረውም። በዚህ የሚጎዳው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ ዕውቀቱም ራሱ ይበላሻል።

ስለዚህ የሚከተለውን ማድረግ ከናንተ ይጠበቃል።

አንደኛ፣ መምህራኑ እስኪመጡ አትጠብቁ። የወረዳችሁ ችግር ውርጭ ቢሆን፣ በዋልካ መሬት ላይ የሚተኛ ውሃ ቢሆን፣ ወይም የገደላ ገደሉ መታጠብ ቢሆን፣ ለይታችሁ በጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲው አቅርቡ።

ሁለተኛ፣ ጊዜውን ምረጡ። በእርሻና በአጨዳ ወራት ገበሬውን ለስብሰባ መጥራት በደል ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብም ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ወይም ቅሬው በተሰበሰበበት ቀን ቢሆን ሰው በፈቃዱ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ከመምህሩ ጋር የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ አብሩ። መምህሩ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ግን በዚያው ይቀመጣልና።

አራተኛና ዋነኛው፣ ከማሳ አፈር ወይም ቃል የወሰደ ሁሉ ውጤቱን በሚሰማ አማርኛ ለባለማሳው መልሶ እንዲናገር አስቀድማችሁ ቃል አስገቡት። ቀኑንም መዝግቡ፤ ባይመጣም ጠይቁት።

የመካነ ሰላም ገበሬ ከዩኒቨርሲቲው የሚጠብቀው ብዙ አይደለም። የሰጠው ቁራሽ ዕውቀት ሆኖ እንዲመለስለት ብቻ ነው።