በውል መካከል ደመወዝ ይቀነሳልን?

ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ ሁላችንም ከማደሪያው ወጥተን ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነበር። የጋምቤላን ሙቀት የምታውቁት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከመካከላችን አንዱ ለረጅም ጊዜ በሆዱ ይዞት የቆየውን ነገር አወራን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን እሱ ነው።

ይህ ጓደኛችን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ወደዚህ ማሠልጠኛ ከመግባቱ በፊት በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፋይል እየደረደረና ደብዳቤ እየተየበ ጥቂት ወራት ሠርቷል። ከተማውንም ትምህርት ቤቱንም አንጠራም። በዚያ ትምህርት ቤት ከውጭ አገር በሁለት ዓመት ውል የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። መምህሩ በመጣ በአምስተኛው ወር ጓደኛችን አንድ ደብዳቤ እንዲተይብ ታዘዘ። ደብዳቤው የተማሪው ቁጥር ስላነሰ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የመምህሩ ደመወዝ በሩብ እንደሚቀነስ ይገልጻል። ከሥር ደግሞ «ተስማምቻለሁ» የሚል ቃልና የፊርማ ቦታ አለው። የተጻፈው በአማርኛ ነው። መምህሩ አማርኛ አያነብም። ደብዳቤውን ሲሰጡት ወደ ጓደኛችን ዞረና «ምን ይላል?» አለው። ጓደኛችን ኃላፊውን አየ፤ ኃላፊው ዝም ብሎ ያየዋል። «ለፋይል ነው ቲቸር፣ ደርሶኛል ለማለት ነው» አለው። መምህሩም ፈረመ።

«ግማሹን እኔም አምኜው ነበር» አለ ጓደኛችን። ግማሹን!

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። አንዳንዶቻችን «ገንዘቡ የባለቤቱ ነው፤ ከሌለው ከየት ያመጣል? ፈረንጁ ካልተስማማው አገሩ ይግባ» አልን። ሌሎቻችን «ኸረ ውል ተብሎ ነው እንዴ የመጣው!» አልን። ሕጉን ያነበበ ግን አንድም አልነበረም። ስለዚህ በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገባን፣ መምህራኖቻችንንም ጠየቅን። ያገኘነውን እነሆ።

መነሻው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ በአንቀጽ 1731 ላይ በትክክል የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ተስማምተው ሲፈርሙ በመካከላቸው ትንሽ አዋጅ ወጣ ማለት ነው፤ አንዱ ብቻውን ሊሽረው አይችልም። ታዲያ «ሁኔታው ተለውጧል፣ ተማሪ አንሷል» የሚለው ምክንያትስ? ለዚህ መልሱ ያለው አንቀጽ 1764 ላይ ነው። ውሉን መፈጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆን እንኳ ውሉ እንደ ጸና ይቆያል ይላል። አንድ ነጋዴ በቆሎ በዚህ ዋጋ አቀርባለሁ ብሎ ከተዋዋለ በኋላ የኢታንግ መንገድ ተበላሽቶ የመኪና ኪራይ ቢወደድበት፣ ኪሳራው የራሱ ነው እንጂ ገዢውን ጨምር ሊለው አይችልም። ትምህርት ቤቱም እንደዚሁ ነው። ተማሪ ሲበዛ ትርፉ የባለቤቱ ነበር፤ ያኔ ለመምህሩ ሩብ ጨምሩለት ያለ አልሰማንም።

ሁለተኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በዚህ ነው። (የመንግሥት መምህር የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስላለው እዚህ ውስጥ አይገባም። የሥራ መሪ የሆነም፣ ለምሳሌ ርዕሰ መምህር ሆኖ የተቀጠረ፣ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው።) አዋጁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራውን ሠራተኛ የትውልድ አገርህ የት ነው ብሎ ከጥበቃው አያስወጣውም። በአንቀጽ 15 የሥራ ውል የሚለወጥባቸውን መንገዶች ይዘረዝራል፤ እነሱም የኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት የወጣ የሥራ ደንብ፣ ወይም የሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ናቸው። የአሠሪው ደብዳቤ ብቻውን ከነዚህ ውስጥ የለበትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን አሰብነው። የጽሑፍ ስምምነት! ያ ደብዳቤ ለምን የፊርማ ቦታ እንዳስፈለገው ያን ጊዜ ነው የገባን። ትምህርት ቤቱ መቀነስ መብቱ ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያ ለጥፎ ይተወው ነበር። መብቱ ስላልሆነ ነው «ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ቃል የፈለጋት። መምህሩ ባይፈርም ደመወዙ እንደ ነበረ ነበር። ስለዚህ ደመወዙን የቀነሰው «ለፋይል ነው ቲቸር» የምትለው አንዲት አረፍተ ነገር ናት ማለት ነው። ይህን ስንነጋገር ጓደኛችን አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እኛም ምን እንደምንለው አላወቅንም። በማታለል የተገኘ ፈቃድ ውልን ሊያፈርስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይፈቅዳል። ነገር ግን ተታልያለሁ የሚለው ሰው ማስረዳት አለበት። የራሱ ፊርማ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ሁሉ ግን ሕገ ወጥ ነው ማለታችን አይደለም። የሥራ ግብር ይቆረጣል፤ ፍርድ ቤት ካዘዘ ይቆረጣል፤ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ይቆረጣል። ይህ በአንቀጽ 59 የተቀመጠ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ተደምሮ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ እንደሌለበትም እዚያው ተወስኗል። መቁረጥና መቀነስ ደግሞ አንድ አይደሉም። ሲቆረጥ ደመወዙ ያው ሆኖ ከሱ ላይ ለሌላ ነገር ይነሣል፤ ሲቀነስ ግን ዋናው ራሱ ያንሳል። ብዙዎቻችን ሁለቱን ስንደባልቅ ነበር።

በሌላ በር የሚገባ ቅነሳም አለ። ይህ በተለይ የውጭ አገር መምህርን የሚነካ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ውሉ «በወር 1,000 ዶላር፣ በዕለቱ ምንዛሪ በብር የሚከፈል» የሚል መምህር ቢኖር፣ ከዚያ በፊት 57,000 ብር ገደማ ይቀበል የነበረው ከ100,000 በላይ ሊከፈለው ነው። አሠሪው «በድሮው ምንዛሪ ውሰድ» ካለው፣ አንድም ደብዳቤ ሳይጻፍ ግማሽ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። ይህም ያው የውል ለውጥ ነው። ውሉ በብር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መምህሩ የተጻፈለትን ብር እየተቀበለ ወደ ቤተሰቡ የሚልከው ዶላር በግማሽ ያንስበታል፤ ሕግ ፊት ግን የቀነሰበት ሰው የለም። ስለዚህ ከደመወዙ ቁጥር ቀጥሎ የተጻፈው የገንዘብ ስም ከቁጥሩ እኩል መነበብ ያለበት ነገር ነው።

አገራችን ለውጭ መምህራን እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ብዙ ሕንዳውያን ያስተምሩ ነበር፤ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራንም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ገብተዋል። አያቶቻችን እስካሁን ስማቸውን እየጠሩ ያወሱዋቸዋል። ታዲያ የውጭ አገር መምህር ከአገሬው ይልቅ በቀላሉ የሚገፋው ለምንድን ነው ብለን ጠየቅን። ቋንቋው አንድ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን የሥራ ፈቃዱ ነው። የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ አይቀጠርም። ፈቃዱም ለተወሰነ የሥራ ዓይነት የሚሰጥ ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። ለማደስ የአሠሪው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከአሠሪው ጋር ከተጣላ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን አገር ውስጥ የመቆየቱ ነገርም አብሮ ይናጋል። የኛ ሰው ቢጣላ እናቱ ቤት ይገባል፤ እሱ የት ይግባ? ኃላፊው ዝም ብሎ ሲያይ የነበረው ይህንን ስለሚያውቅ ይመስለናል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ምን ያድርግ? መምህራኖቻችን የነገሩን ቀላል ነው። በማታነበው ቋንቋ በተጻፈ ነገር ላይ አትፈርም፤ አስተርጉም፤ ተርጓሚው ደግሞ የአሠሪው ጸሐፊ አይሁን። ደብዳቤ መድረሱን ማረጋገጥ ግድ ከሆነ «ደርሶኛል፣ አልተስማማሁም» ብለህ በእጅህ ጽፈህ ፈርም። ዝም ማለት ግን አይበጅም። ሥራህን ቀጥል፣ የወሩን የደመወዝ ወረቀት አስቀምጥ፣ የውሉን ቅጂ ከራስህ ጋር አኑር። በንግግር ካልተፈታ የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት አለ። ከዚያም አልፎ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ይህ ችሎት ክሱ በቀረበለት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። አቤቱታ አቀረብክ ብሎ ማባረርም ተገቢ የስንብት ምክንያት እንዳልሆነ በአንቀጽ 26 ተጽፏል።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይህን ጮክ ብለን ስናነብ ጓደኛችን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። መጀመሪያ ከተቀነሰችው ወር እስከ ዛሬ ሁለት ዓመት አልፏል። መምህሩም አሁን እዚህ አገር መኖሩን አያውቅም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። «ይህ የከተማ ጉዳይ ነው፣ ጋምቤላ ውስጥ ፈረንጅ መምህር የት አለ?» ያለ ነበር። እውነት ነው፣ በባሮ ማዶና በባሮ ወዲህ ፈረንጅ መምህር ብንፈልግ አናገኝም ይሆናል። የውጭ አገር መምህር ግን ከኛ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በንጉኝየል፣ በጄዊና በፒኝዱ መጠለያዎች ውስጥ ከሚያስተምሩት መካከል ብዙዎቹ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች ናቸው። ኑዌርና አኙዋ ስለሆኑና ቋንቋው ከወንዙ ወዲህም ወዲያም አንድ ስለሆነ እንደ ውጭ ሰው አናያቸውም እንጂ፣ በወረቀት የውጭ ዜጋ ናቸው።

የነሱ ክፍያ ደመወዝ አይባልም፤ «ማበረታቻ» ነው የሚባለው። ይህ ስም ከየት መጣ ስንል የሚከተለውን ተረዳን። ኢትዮጵያ የ1951 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የስደተኞች ስምምነትን ስትቀበል ስለ ሥራ መብት የሚናገረውን ክፍል በከፊል እንደ ምክር ብቻ እንደምታየው አስመዝግባ ነበር። የመሥራት በሩ ጠባብ ስለነበረ መጠለያ ውስጥ የሚያስተምር ስደተኛ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ በጎ ፈቃደኛ ተቆጠረ። በ2010 እና 2011 ዓ.ም. አካባቢ ወርኃዊ ማበረታቻው አንድ ሺህ ብር እንኳ አይሞላም ነበር፤ አጠገቡ ያለው ኢትዮጵያዊ መምህር ግን በደመወዝ እርከኑ የዚያን ብዙ እጥፍ ይቀበላል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብትን በአንቀጽ 26 አስፍቶ ደንግጓል። ስሙ ግን እስካሁን ከአፍ አልወጣም።

ስም ብቻ ቢሆን ባልተከራከርን። ደመወዝ ያልተባለ ነገር ሲቀነስ ደመወዜ ተቀነሰ ማለት ያስቸግራል። ማበረታቻው ትንሽ የሆነበት ምክንያት ተብሎ የሚነገረው ስደተኛው እህልና መጠለያ በነጻ ያገኛል የሚል ነው። እንግዲያው እህሉ ራሱ የክፍያው አካል ነው ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለስደተኞች የሚሰጠው የምግብ እርዳታ ለወራት ሲቋረጥ፣ የመጠለያ መምህራን ደመወዝ በውል መካከል ተቀነሰ ያለ ጋዜጣ አላየንም። እኛ ግን ነገሩ ያ ነበር እንላለን። ከመቶ በላይ ሕፃናት የያዘ ክፍል ያስተምር የነበረ አንድ የክፍላችን ልጅ በእነዚያ ወራት ጠዋት አስተምሮ ከሰዓት በኋላ እንጨት ይሸጥ እንደ ነበረ ነግሮናል። «ደብዳቤ ሰጡህ ወይ?» አልነው። «የምን ደብዳቤ?» አለን።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዋጁን በጋራ እናነባለን። ከመጠለያ የመጣችሁ ሠልጣኞች በማስተማር ሳላችሁ የፈረማችሁት ማንኛውም ወረቀት ካለ ይዛችሁ ኑ። ወረቀት የሌላችሁም ኑ። ደብዳቤውን የተየበው ጓደኛችን አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ፈቅዷል፤ ወደ ኑዌርኛና ወደ አኙዋኛ የሚያግዘን እንፈልጋለን።