ኪያሪ ማልፎርሜሽን እና ቀዶ ሕክምናው፦ ለሕመምተኞች እና ለቤተሰብ የተዘጋጀ መረጃ

ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ከማጅራትዎ የሚነሳ ከባድ የራስ ምታት አለብዎት? ትኩስ ጀበና ወይም ምጣድ ነክተው እጅዎ ሲቃጠል ሳይታወቅዎት ቀርቷል? እነዚህ ምልክቶች ብዙ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ ኪያሪ ማልፎርሜሽን የሚባል ብዙም ያልተለመደ ሕመም ነው።

ኪያሪ ማልፎርሜሽን ምንድን ነው?

የራስ ቅል ግርጌ ላይ አንጎል ከህብለ ሰረሰር ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ አለ። ኪያሪ ዓይነት 1 ያለበት ሰው፣ ሚዛንን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል የታችኛው ጫፍ በዚህ ቀዳዳ አልፎ ወደ አንገት ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል መጥበብ ነው። ሕመሙ ተላላፊ አይደለም፤ እርስዎ ባደረጉት ነገርም የመጣ አይደለም። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሕመሙ ከጻፈው ኦስትሪያዊ ሐኪም ከሃንስ ኪያሪ ነው።

መተላለፊያው ሲጠብ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በነጻነት አይፈስም። አንዳንድ ጊዜ ፈሳሹ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ሲሪንጎማይሊያ ይባላል፤ ነርቮችን ከውስጥ ይጎዳል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

• በሳል፣ በማስነጠስ ወይም በማማጥ የሚብስ የማጅራት ሕመም
• የአንገት ሕመም፣ ማዞር፣ ሚዛን መሳት
• የእጅ መደንዘዝ ወይም መድከም፤ ሙቀትና ቅዝቃዜን መለየት አለመቻል
• የመዋጥ ችግር፣ የድምፅ መጎርነን፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጥ
• በልጆች ላይ የጀርባ አጥንት መጣመም

ሕመሙ በኤምአርአይ ምርመራ ይታወቃል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም። በሰውነትዎ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

ሁሉም ሰው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም። ብዙ ሰዎች ኪያሪ እንዳለባቸው የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ ሲመረመሩ በአጋጣሚ ነው። ምልክት ከሌለዎት ሐኪሙ በክትትል ብቻ ሊያቆይዎት ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ምልክቶቹ ኑሮዎን ሲያውኩ፣ ነርቭ እየተጎዳ ሲሄድ ወይም ሲሪንጎማይሊያ ሲኖር ነው።

በቀዶ ሕክምናው ምን ይደረጋል?

ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጥዎታል። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ማጅራትዎ ላይ ቆዳውን ከፍቶ ከራስ ቅሉ ግርጌ ትንሽ አጥንት ያነሳል። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት የኋላ ክፍልም ይነሳል። እንደ ሁኔታው የአንጎሉ ሽፋን ተከፍቶ እንዲሰፋ ጨርቅ መሰል ነገር ይለጠፍበታል። ይህ ከራስዎ ሰውነት፣ ከእንስሳ ወይም ሰው ሠራሽ ከሆነ ነገር ሊሆን ይችላል። በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት የማይፈልጉት ካለ አስቀድመው ይንገሩ።

ብዙ ሰዎች ጥቂት ቀናት ሆስፒታል ይቆያሉ። ወደ ሥራ ለመመለስ ሳምንታት ይወስዳል። ከባድ ነገር ማንሳት የሚችሉበትን ጊዜ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ምን መጠበቅ አለብኝ?

በሳል የሚብሰው የራስ ምታት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ለረጅም ጊዜ የቆየ መደንዘዝ ወይም ድካም ግን ላይመለስ ይችላል። ዋናው ዓላማ ጉዳቱ እንዳይባባስ ማቆም ነው። ስለዚህ እጅዎ ሙቀት መለየት ካቃተው ወይም እየደከመ ከሄደ «ያልፋል» ብለው አይጠብቁ፤ ቶሎ ለሐኪም ይንገሩ። እስከዚያው የውሃውን ሙቀት ስሜት ባለው የሰውነት ክፍልዎ ይፈትሹ፤ ምጣድና ድስት በጨርቅ ይያዙ።

እንደ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና አደጋ አለው፦ የፈሳሽ ማፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ማጅራት ገትር፣ የደም መፍሰስ። አንዳንድ ሰዎች እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

ጥንቃቄዎች

• ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አንገትዎን በወጌሻም ሆነ በማሳጅ አያስጠምዝዙ።
• የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ አስፕሪንንና የባህል መድኃኒትን ጨምሮ፣ ይንገሩ።
• በጾም ላይ ከሆኑ ያሳውቁ።
• ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ቁስሉን በውሃም በጠበልም አያርጥቡ።

ለቀዶ ሐኪሙ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች

• ቀዶ ሕክምናው ለእኔ ለምን ያስፈልጋል? ብጠብቅስ ምን ይሆናል?
• የትኛው ምልክቴ ሊሻል ይችላል? የትኛውስ ላይሻል ይችላል?
• ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርተዋል?

አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት

በዩናይትድ ስቴትስ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ። ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ የስምምነት ወረቀት ሳይገባዎት አይፈርሙ።

መቼ እርዳታ ልጠይቅ?

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትኩሳት፣ አንገት መገተር፣ የሚብስ የራስ ምታት ወይም ከቁስሉ ንጹህ ፈሳሽ ከወጣ ወዲያውኑ ለቀዶ ሐኪሙ ይደውሉ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተዎት፣ እጅና እግርዎ በድንገት ከደከመ ወይም ራስዎን ከሳቱ ወደ 911 ይደወል።