የጉሮሮ መታነቅና ተዝለፍልፎ መውደቅ

በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ በቡናዋ ብትታወቅም፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ ነዋሪ ከቀዬው ከተፈናቀለ በኋላ፣ በርካታ ተፈናቃዮች የተጠለሉባት ቀበሌም ነበረች። እንዲህ ባለ ስፍራ ሰው ጉሮሮው እንደታነቀ ሲናገር ወይም ተዝለፍልፎ ሲወድቅ፣ መነሻው ረኃብ፣ ጭስ፣ ሕመም ወይም ከባድ ድንጋጤ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁሉንም «ጭንቀት ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ራስን መሳት ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለጥቂት ሰከንዶች ሲቀንስ የሚከሰት ሲሆን፣ ቡና በሚሰጣባቸው አልጋዎች ዳር ፀሐይ ላይ ለረጅም ሰዓት ቆመው በሚለቅሙ ሴቶች ላይ፣ በተለይ ውሃ ካልጠጡ ወይም የደም ማነስ ካለባቸው፣ ደሙ በእግራቸው ስለሚጠራቀም በቀላሉ ሊደርስ ይችላል። የወደቀውን ሰው በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ የተለመደው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ግን ደሙን ወደ አንጎል አይመልስም።

መከራ ያየ ሰው በድንገተኛ ፍርሃት ሲናወጥ ደግሞ በፍጥነት ስለሚተነፍስ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛሉ፣ ጉሮሮም የተዘጋ ይመስላል። ይህ ማስመሰል ሳይሆን እውነተኛ የአካል ለውጥ ነው።

የሚያሳስበው ግን በደጋው ብርድ ምክንያት በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያድር የከሰል ፍም ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው አየር እየሳበ ሰውነቱ ይታፈናል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቀድመው ይመጣሉ፤ የቤተሰቡ አባላት በአንድ ሌሊት አብረው ከታመሙ በጋዙ የመመረዝ ጥርጣሬው ሊጠነክር፣ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ሊወጡ ይገባል።

ዝናብ የአፈሩን አዮዲን ባጠበባቸው ደጋማ አካባቢዎች የሚታየው እንቅርት፣ ማለትም የታይሮይድ ዕጢ እብጠት፣ ሲተልቅ የአየር ቧንቧን ይጫናል፤ መታነቁም በተለይ ሲተኙ ይብሳል። ኢትዮጵያ በ2011 እ.ኤ.አ. ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው ይህን ጉድለት ለመከላከል ነው።

ንብ ከነደፈ ወይም መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ከንፈርና ምላስ አብጠው ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ሰው እየሮጠ ወይም ሸክም ተሸክሞ እያለ ራሱን ከሳተ፣ ነገ ማለት አይገባም። በልጅነት በተደጋጋሚ የታየ፣ በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ በሮችን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ በሥራ ላይ የወደቀ ወጣት ልቡ በጤና ጣቢያ መደመጥ፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ዲላ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል።